ለአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሽቦ አንቴና፦ ከርዝመቱ በፊት ቦታው

ጥያቄ፦ «አጭር ሞገድ የሚይዝ ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ አለኝ። በራሱ ዘንግ ሩቅ ጣቢያ አልሰማ ስላለኝ 30 ሜትር የመዳብ ሽቦ አመጣሁ። ከመኝታ ቤቴ መስኮት አስነሥቼ፣ ግድግዳውን አስከትዬ፣ ግቢው ጫፍ ላይ ካለው ዛፍ ጋር ወጠርኩት፤ የሽቦውንም ጫፍ ልጬ ከሬዲዮው ዘንግ ጋር አሰርኩት። የሲግናል መለኪያው ወዲያው እስከ መጨረሻው ወጣ፤ ጫጫታው ግን አብሮ ጨመረ። አንዳንዱ ጣቢያ እንዲያውም ሁለትና ሦስት ቦታ ይሰማል። ሽቦውን ላስረዝመው ወይስ ወፍራም ልግዛ? ዳይፖል የሚባለውስ ይሻላል?»

ምላሽ፦

አያስረዝሙት፤ ወፍራምም አይግዙ። በእጅዎ ያለው ሽቦ ለሥራው ይበቃል፤ እንዲያውም ከግማሹ ብዙም የሚበልጥ አያስፈልግዎትም። የቸገረዎት የሽቦው ማነስ ሳይሆን ሽቦው የሚያልፍበት መንገድና ከሬዲዮው ጋር የተገናኘበት አኳኋን ነው።

ከ30 ሜጋ ኸርዝ በታች ባለው የሞገድ ክልል ከውጭ የሚገባው ጫጫታ ደኅና ተቀባይ ሬዲዮ በውስጡ ከሚፈጥረው ይበልጣል። በሩቅ አገር የሚወርደው መብረቅ፣ ከኅዋ የሚመጣው የማያቋርጥ እሽታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቤቱ የተሰካው የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያወጣው ረብሻ በአንቴናው በኩል ይገባል። አንቴናው ሲያድግ ጣቢያውም ጫጫታውም አንድ ላይ ያድጋሉ። መለኪያው የሚያሳየው የሁለቱን ድምር ነው፤ ጆሮ የሚፈልገው ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ መለኪያውን ትንሽ ብቻ አንሥቶ ንግግሩን ጥርት አድርጎ የሚያሰማ አንቴና፣ መለኪያውን እስከ ጫፍ አድርሶ ከሚንጫጫው ይበልጣል። የመለኪያውን ከፍታ እያዩ አንቴና የሚመርጡ ሰዎች ሁልጊዜ ያስገርሙኛል፤ ሬዲዮ የሚደመጥ እንጂ የሚነበብ ነገር አይደለም።

«ሽቦ በረዘመ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ምክር የቆየ ነው፤ በዘመኑም ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1901 የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ጉሊየልሞ ማርኮኒ ዛሬ የካናዳ አካል በሆነችው ኒውፋውንድላንድ ሆኖ ከአትላንቲክ ማዶ የሚላከውን ምልክት ሲጠባበቅ፣ 150 ሜትር ያህል ሽቦ በነፋስ በሚንሳፈፍ ካይት አንሥቶ ነበር። መቀበያው ምንም ማጉያ አልነበረውም፤ የሚሰማው ኃይል ሁሉ ከሽቦው ብቻ መምጣት ነበረበት። ዛሬ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሬዲዮ እንኳ ምልክቱን ብዙ ሺህ ጊዜ የሚያጎሉ ደረጃዎች አሉት። ምክሩ ግን ምክንያቱን ጥሎ ብቻውን ቀረና፣ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንደሚባለው፣ ብዙ ሰው በኪስ ሬዲዮ ላይ 60 ሜትር ሽቦ ያስርበታል።

አንዱ ጣቢያ ሁለትና ሦስት ቦታ መሰማቱ የሬዲዮዎ መጨናነቅ ምልክት ነው። ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ የሚሠራው ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም ለማይርቅ ዘንግ ታስቦ ነው። 30 ሜትር ሽቦ ሲታሰርበት የመጀመሪያው ትራንዚስተር ከሚችለው በላይ ምልክት ይደርሰዋል፤ ያን ጊዜ ኃይለኛ ጣቢያዎች እዚያው ውስጥ እርስ በርስ ይደባለቁና ከየቦታቸው ውጭ ብቅ ይላሉ። ከዚህ የተለየ ሌላ ዓይነትም አለ። ምልክቱን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ 455 ኪሎ ኸርዝ የሚቀይሩ ቀላል ሬዲዮዎች አንድን ኃይለኛ ጣቢያ ከትክክለኛ ቦታው 910 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም የ455ን እጥፍ፣ ዝቅ ብለው ደግመው ያሰሙታል፤ በ9,800 ኪሎ ኸርዝ ያለው ጣቢያ በ8,890 ላይ ከተሰማ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁለቱን ለመለየት ሬዲዮዎ «ሎካል» (ለቅርብ ጣቢያ) እና «ዲኤክስ» (ለሩቅ ጣቢያ) የሚል ማብሪያ ካለው ወደ «ሎካል» ያዙሩት። በመደባለቅ የተፈጠረው ቅጂ ዋናው ጣቢያ ትንሽ ሲደክም እሱ ጨርሶ ይጠፋል። በ910 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ያለው ግን ከዋናው እኩል ነው የሚደክመው። ለሁለቱም ቢሆን ሽቦውን ማሳጠርና ግንኙነቱን ማላላት ይረዳል። ለዛሬ ማታ እንዲሆንዎት፣ የላጡትን ጫፍ ከዘንጉ ፈትተው ሽቦውን ከነፕላስቲክ ልባሱ ሦስት አራት ዙር በዘንጉ ላይ ይጠምጥሙት። ብረት ለብረት ሳይነካካ ምልክቱ በልባሱ ውስጥ ያልፋል፤ መጠኑ ግን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ሜትር ሽቦ እንኳ ከመቁረጥዎ በፊት ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። ሬዲዮውን ከቻርጀሩ ነቅለው በባትሪ ያሠሩት። ዘንጉን ብቻ ይምዘዙ፤ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ያቁሙትና የቤቱን ዋና ብሬከር ያጥፉ። የራሳቸው ባትሪ ያላቸው ኢንቨርተርና የመሳሰሉት ዕቃዎች ብሬከሩ ሲጠፋ ሥራ እንደሚጀምሩ አይርሱ፤ እነሱንም ለየብቻ ያጥፏቸው። ጫጫታው ድንገት ጸጥ ካለ ምንጩ እርስዎ ቤት ነው ማለት ነው፤ ይህ የምሥራች ነው፤ ምክንያቱም ሊያስወግዱት ይችላሉ። ከዚያ መብራቱን መልሰው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ያብሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች፣ ርካሽ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች፣ ቴሌቪዥን፣ የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር፣ ኢንተርኔትን በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያስተላልፉ መሣሪያዎች ናቸው። አብዛኞቹ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጡ ይሠራሉ፤ ከመቆራረጡ የሚወጣው ረብሻ የቤቱን ሽቦ እንደ አንቴና ተጠቅሞ ይሰራጫል። የስልክ ቻርጀር ስልኩ ላይ ባይሰካም ሶኬቱ ላይ እስካለ ድረስ መንጫጫቱን ሊቀጥል ይችላል።

ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም የሚቀር ጫጫታ ካለ ከጎረቤት ወይም ከመንገዱ የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ ነው። እሱን ማጥፋት አይቻልዎትም፤ መራቅ ግን ይቻላል። ሬዲዮውን ይዘው በግቢው ውስጥ በዝግታ ይዙሩ። ከግድግዳው አጠገብ ያለው ጫጫታ አምስት ስድስት ሜትር ሲርቁ ምን ያህል እንደሚወርድ ሲሰሙ ይደነቃሉ፤ የቅርብ ረብሻ ከርቀት ጋር በፍጥነት ነው የሚሞተው። ዝቅተኛ ጫጫታ የሰሙበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት። አንቴናው የሚተከለው እዚያ ነው። የእርስዎ ሽቦ የሠራው ስሕተት ይኸው ነው፦ በጣም ጸጥተኛ ወደሆነው ዛፍ ከመድረሱ በፊት በውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተቀበረበትን ግድግዳ እየታከከ ያልፋል፤ የሚለቅመውን ሁሉ ለቅሞ ነው ወደ መስኮትዎ የሚመለሰው።

ስለ ዳይፖል ለጠየቁት፦ ጥሩ አንቴና ነው፤ ለእርስዎ ግን አልመርጠውም። ዳይፖል መሀሉ ላይ የተቆረጠና ከዚያ በኮአክሲያል ገመድ፣ ማለትም መሀል ሽቦውን የብረት መረብ በከበበው ገመድ፣ የሚመገብ (ከሬዲዮው ጋር የሚያያዝ) ሽቦ ሲሆን ጠቅላላ ርዝመቱ በሜትር 143ን ለሜጋ ኸርዙ በማካፈል ይገኛል። ለ31 ሜትር ባንድ (ባንድ ጣቢያዎች የሚሰበሰቡበት ክልል ነው፤ 31 ሜትር የሞገዱ ርዝመት እንጂ የሽቦው አይደለም)፣ ማለትም በ9.65 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ፣ 14.8 ሜትር ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ጎን 7.4 ሜትር ማለት ነው። ለ49 ሜትር ባንድ ደግሞ ወደ 23.6 ሜትር ይወጣል። ሁለቱ ክንዶች እኩል ስለሆኑ፣ ገመዱ መሀሉ ጋ ፌራይት በሚባል ማግኔታዊ ሴራሚክ ቀለበት ላይ ከተጠመጠመ፣ ረብሻን በደንብ ይቋቋማል፤ የመሬት ሽቦም አይፈልግም። ጉዳቱ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች መፈለጉና መሀሉ ላይ የገመድ ክብደት መንጠልጠሉ ነው። ደግሞ እርስዎ የሚፈልጉት ቀን 15 እና 17 ሜጋ ኸርዝ፣ ማታ 6 እና 7 ሜጋ ኸርዝ ላይ የሚያገለግል አንቴና ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ታችኞቹ ባንዶች ይከፈታሉ፣ ላይኞቹ ይዘጋሉና አንድ ባንድ ብቻ አይበቃዎትም። ዳይፖል ከባንዱ ውጭም ይቀበላል፤ ጥቅሙ ግን ይቀንሳል። ወደ የትኛው አቅጣጫ ይዙር ብለው ኮምፓስ ይዘው የሚጨነቁም አሉ። በ5 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ የ31 ሜትር ባንድ ዳይፖል ከሞገዱ ርዝመት አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው ከመሬት የራቀው፤ እዚያ ላይ ሆኖ ከየአቅጣጫው በተቀራራቢ መጠን ይሰማል። ጭንቀቱ ለትርፍ ጊዜ ይሁን።

ለእርስዎ የምመክረው ከ12 እስከ 16 ሜትር የሚሆን በአንድ ጫፉ የሚመገብ ሽቦ ነው። ምግቡ የሚነሣው ግን ከመስኮትዎ ሳይሆን ከዛፉ አቅራቢያ ካለው ጸጥተኛ ቦታ ነው። ሽቦው ከመሬት አጠገብ ከምትተከል ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ተነሥቶ በእንጨት ምሰሶ ላይ አምስት ስድስት ሜትር ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ በአግድም ወደ ዛፉ ይሄዳል። ቁመቱም አግድሙም የየራሳቸውን ድርሻ ይቀበላሉ። ርዝመቱ በትክክል ስንት ይሁን ብለው አይጨነቁ፤ ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ የአንድ ሜትር ልዩነት በጆሮ አይለይም። ውፍረቱም እንደዚሁ፦ ምልክቱ ስለ ውፍረቱ ደንታ የለውም፤ ነፋስ እንዳይበጥሰው ብቻ ነው የሚታሰበው። ልባስ ያለው ባለ ብዙ ክር የመዳብ ሽቦ፣ 1.5 ወይም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ለዓመታት ያገለግላል። ልባሱን መላጥ አያስፈልግም፤ ሞገዱ ፕላስቲኩን አልፎ ይገባል።

በሳጥኗ ውስጥ የምትቀመጠው ትንሽ ትራንስፎርመር ናት። በአንድ ጫፉ የሚመገብ ሽቦ መካች አቅም፣ ቴክኒሻኖች ኢምፒዳንስ የሚሉት፣ እንደ ባንዱ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ኦም ይዋልላል፤ ገመዱ ደግሞ 50 ወይም 75 ኦም ነው። ዘጠኝ ለአንድ የሆነ ትራንስፎርመር ሁለቱን ያቀራርባቸዋል። ቁጥር 43 ተብሎ በሚታወቀው የፌራይት ዓይነት በተሠራ ቀለበት ላይ በሽቦው በኩል 15 ዙር፣ በገመዱ በኩል 5 ዙር ይጠምጥሙ፤ የዙሩ ንጽጽር ሦስት ለአንድ ሲሆን የኢምፒዳንሱ ዘጠኝ ለአንድ ይሆናል። ከአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣው ቢጫና ነጭ ቀለም የተቀባ ቀለበት ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ከብረት ብናኝ የተሠራና ለሌላ ሥራ የታሰበ ነው። ነጻ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሞክረዋል፤ ከዚያም አንቴናውን ይወቅሳል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱ ጥምጥሞች እርስ በርስ መነካካት የለባቸውም። የ15 ዙሩ አንድ ጫፍ ከአንቴናው ሽቦ ጋር፣ ሌላው ጫፍ እዚያው ሳጥኗ ሥር አንድ ሜትር ያህል ወደ መሬት ከተቀበረ የመዳብ ወይም ዚንክ የተቀባ የብረት ዘንግ ጋር ይያያዛል። የ5 ዙሩ አንድ ጫፍ ከኮአክሲያሉ መሀል ሽቦ፣ ሌላው ከመረቡ ጋር ይገናኛል። ቤቱ ውስጥ የተፈጠረው ረብሻ በገመዱ መረብ የውጭ ፊት ላይ እየሄደ ወደ አንቴናው ሊደርስ ይሞክራል፤ መረቡ ከአንቴናው መሬት ጋር በብረት ካልተያያዘ መንገዱ አብዛኛው ይዘጋበታል። በገበያ የሚሸጡ ብዙ ሳጥኖች ሁለቱን ጥምጥሞች በውስጥ ያገናኟቸዋል። ያለዎት ሳጥን እንደዚያ ከሆነ ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ቁጥር 31 በሚባል ፌራይት ትልቅ ቀለበት ላይ አሥር ዙር ያህል ይጠምጥሙት፤ ሁለቱንም ቢያደርጉ ደግሞ የበለጠ ነው።

ገመዱ የቴሌቪዥን አንቴና ገመድ ቢሆን ምንም አይደለም። 75 ኦም መሆኑ ለማዳመጥ የሚያመጣው ልዩነት አይሰማም፤ በ15 ሜትር ርዝመት ላይ በ10 ሜጋ ኸርዝ የሚጠፋው ከ1 ዴሲቤል (የምልክት መጠን ልዩነት መለኪያ) በታች ነው። መሬት ላይ ወይም ጥልቀት በሌለው ቦይ ውስጥ ያሳልፉት። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ የሚመለስ ጉብጠት ይተውለት፤ የዝናብ ውኃ በገመዱ ላይ እየተንሸራተተ እንዳይገባ ነው። መገጣጠሚያዎቹን በናስትሮ ደጋግመው ይሸፍኑ፤ ኮአክሲያል አንዴ ውኃ ከጠጣ አይድንም።

ሬዲዮዎ የውጭ አንቴና ማስገቢያ ካለው የገመዱን መሀል ሽቦ ከመሰኪያው ጫፍ፣ መረቡን ከውጭ ቀለበቱ ጋር ያያይዙ። ማስገቢያ ከሌለው መሀሉን በመቆንጠጫ ከዘንጉ ጋር፣ መረቡን አብዛኛውን ጊዜ ከባትሪው አሉታዊ ጫፍ ጋር ማገናኘት ይቻላል። መረቡን ሳያገናኙ መተው ግን የገመዱን ሥራ ሁሉ ያፈርሳል፤ ያን ጊዜ ገመዱ ራሱ በቤት ውስጥ ያለፈ ሌላ አንቴና ይሆናል።

ስለ አደጋ በአጭሩ፣ ግን በጥብቅ። ሽቦው ከኤሌክትሪክ መስመር በላይም በታችም አይለፍ፤ ቢበጠስና ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ መስመሩን የማይነካበት ቦታ ይምረጡ። ሽቦ ወይም ገመድ በድንጋይ አስረው ወደ ላይ ሲወረውሩም እንደዚያው፤ ይህ በየጊዜው ሰው የሚገድል ነገር ነው። የጋዝ ቧንቧን ለመሬት ማያያዣነት ፈጽሞ አይጠቀሙ። መብረቅ የሚቋቋም የሽቦ አንቴና የለም፤ ደመና ከመሰብሰቡ በፊት መሰኪያውን ነቅለው ከቤት ውጭ ይተዉት፣ ነጎድጓዱ ከተጀመረ በኋላ ግን አይንኩት። መብረቅ ባይኖርም ደረቅ ነፋስና አቧራ ሽቦውን በኤሌክትሪክ ይሞሉታል፤ የተንቀሳቃሽ ሬዲዮ የመጀመሪያ ትራንዚስተር በዚህ ብቻ ሊቃጠል ይችላል። ከላይ ያልኩት የ15 ዙር ጥምጥም ሽቦውን ያለማቋረጥ ከመሬት ጋር ስለሚያገናኘው ይህን ክምችት እየቀነሰ ያፈስሰዋል። በኋላ በግድግዳ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ትልቅ ተቀባይ ከገዙ፣ የገመዱ መረብ ከቤቱ የመሬት መስመር ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በአካባቢው ደንብ መሠረት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይወስን።

ዛፍ እንደ ምሰሶ ጥሩ ነው፤ የሚወዛወዝ መሆኑን ግን ያስቡበት። ሽቦውን ከዛፉ ጋር በቀጥታ ካሰሩት የመጀመሪያው ኃይለኛ ነፋስ ይበጥሰዋል። በሽቦው ጫፍ ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ እንደ ኢንሱሌተር ያስገቡ፤ ከእሱ የሚነሣውን የፖሊስተር ገመድ ዛፉ ላይ በታሰረ መዘውር አሳልፈው ጫፉ ላይ ውኃ የሞላ ጀሪካን ያንጠልጥሉ። ዛፉ ሲወዛወዝ ጀሪካኑ ይወጣል ይወርዳል እንጂ ሽቦው አይጨነቅም። ናይሎን ፀሐይ ላይ ይለጠጣል፣ ይደክማልም፤ ስለዚህ ፖሊስተር ይሻላል።

የግቢዎ ጸጥተኛ ቦታ ሁሉ ቢሞከርና ረብሻው ባይለቅ፣ ቀጣዩ ነገር ሌላ ሽቦ ሳይሆን ወርድዋ አንድ ሜትር ያህል የሆነች በማጉያ የምትሠራ የቀለበት አንቴና ናት። ስትዞር ወደ አንድ መስመር ጨርሳ የምትደነቁርበት አቅጣጫ አላት፤ ያንን አቅጣጫ ወደ ረብሻው ምንጭ ሲያዞሩት ጫጫታው ይሰምጣል። ከሩቅ በአዮኖስፌር፣ ማለትም በከባቢ አየሩ ላይኛው ንብርብር፣ ተንጸባርቀው የሚመጡ ጣቢያዎች ግን ከላይ በተለያየ ማዕዘን ስለሚወርዱ ያን ያህል አይጎዱም።

አዲሱን ተከላ ሲጨርሱ ከአሮጌው ጋር ያወዳድሩት፤ ውድድሩ ግን በኃይለኛ ጣቢያ አይሁን፤ እሱ በማንኛውም ሽቦ ይሰማል። በ5፣ በ10 እና በ15 ሜጋ ኸርዝ ላይ የሰዓት ምልክት የሚያሰራጩ ጣቢያዎች አሉ፤ ከአሜሪካዋ ኮሎራዶ የሚነሣው ደብሊው ደብሊው ቪ እና ከቻይና የሚነሣው ቢ ፒ ኤም ይገኙባቸዋል። ከመካከላቸው በጭንቅ የሚሰማዎትን ይምረጡና ገመዶቹን በየጥቂት ሰከንዱ እየቀያየሩ ያዳምጡ። የአጭር ሞገድ ምልክት በራሱ ጊዜ ስለሚወጣና ስለሚወርድ በአንድ ቅያሪ አይፍረዱ፤ ደጋግመው፣ ቀንም ማታም ይሞክሩ። የሰከንዱ ቱክታ ከጫጫታው በላይ ሆኖ የሚለይበትን አንቴና ያስቀሩ፣ መለኪያው ምንም ቢል።